መድኃኒቱን ኩባንያ ሰጠ፤ ውሃውን ማን ይስጥ?

የኬላዋ

ሰላም ለሁላችሁ።

እሑድ ዕለት ከአክስቴ ልጅ ጋር ቡና ላይ ተቀምጠን ክርክር ገጠምን። እሱ አዲስ አበባ ኦዲተር ነው። «የኩባንያ በጎ አድራጎት የሚባለው ሁሉ ማስታወቂያ ነው፤ ሪባን ቆርጠው፣ ፎቶ ተነሥተው ይሄዳሉ» አለኝ። ግማሹን አመንኩለት። ግማሹን ግን መቀበል አቃተኝ። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ በእጄ ሳድለው የኖርኩት የትራኮማ (ዓይን የሚያሳውር ተላላፊ በሽታ) መድኃኒት የኩባንያ ስጦታ ነበርና።

የእደላውን ቀን አይታችሁት ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጎጡ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ሚዛን የለንም፤ መስመር የተሰመረበት ረጅም ዘንግ ግንዱ ላይ እናስደግፋለን። ልጁ ጫማ ካለው ያወልቃል፣ ተረከዙን ያስጠጋል፣ አናቱ የደረሰበት መስመር ስንት ሽሮፕ እንደሚጠጣ ይነግረኛል። አዋቂው አራት ፍሬ እዚያው ፊቴ ይውጣል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የዓይን ቅባት እንሰጣለን። «ያመክናል» የሚል ወሬ በተነዛበት ዓመት መጀመሪያ እኔ እየዋጥኩ አሳይ ነበር። ማታ መዝገቡን ስዘጋ እጄ በሽሮፕ ተጣብቆ ብዕር መያዝ ያቅተኛል።

ካርቶኑ ላይ ፋይዘር የሚለውን ስም ልብ ብዬ ያነበብኩት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ኩባንያው ዚትሮማክስ የሚባለውን መድኃኒት በነፃ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ከኤድና ማኮኔል ክላርክ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ ለዚሁ ሥራ ዓለም አቀፍ የትራኮማ ተቋም አቋቁሟል። በክልላችን ደግሞ የካርተር ማዕከልና የላየንስ ክለቦች ከጤና ቢሮው ጋር ይሠሩ ነበር። ስጦታው ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት አማራ ክልል ውስጥ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት ከመቶ ከ60 በላይ የሚሆኑት ትራኮማ ነበረባቸው። ያንን መድኃኒት ወረዳው ገዝቶ ያድል ቢባል የወረዳው በጀት አይችለውም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። በዓመቱ ስመለስ ያው ልጅ፣ ያው ዓይን፣ ያው ዝንብ። ትራኮማን ለማጥፋት አራት ነገር ያስፈልጋል፦ የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት በቀዶ ጥገና ማስተካከል፣ መድኃኒት፣ ፊት መታጠብ፣ ውሃና መጸዳጃ። ከአራቱ ኩባንያው የሰጠን አንዱን ነው። «የልጆቻችሁን ፊት እጠቡ» ብዬ ሳስተምር አንዲት እናት ምንም ሳትመልስልኝ ገብታ ጀሪካኗን አመጣችና ገልብጣ አሳየችኝ። ከሥሩ ሁለት ጠብታ ወጣ። ምንጩ ደርሶ መልስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ትምህርት ስሰጥ አፌ ይተሳሰራል።

ከአሥር ዓመት በላይ ታድሎላቸው ዛሬም የበሽታው መጠን ከ5 በመቶ በታች ያልወረደላቸው ወረዳዎች አሉን። ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ ኩባንያ ያለውን ሲሰጥ፣ የጎደለንን ደግሞ ማን ይሰጣል? የምታውቁትን አካፍሉኝ።

የጎጀብ ልጅ

እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። እኔ ካፋ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ የእኛ ደግሞ ኦንኮ ነው፣ ዓይን የሚያሳውር የትል በሽታ። ፈጥኖ በሚወርድ ወንዝ ዳር የሚራባ ጥቁር ዝንብ ነው የሚያስተላልፈው። ከዓይኑ በፊት ቆዳው ያሠቃያል። አባቴ ሌሊት በጭራሮ ጀርባውን ሲያክ የምሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ቡና ለቀማ ላይ እጁን ከቅርጫቱ እያወጣ ያካል፣ ይመልሳል፣ ደግሞ ያካል።

የኦንኮ መድኃኒት ሜክቲዛን የደረሰን በ1990ዎቹ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። የዚህን መድኃኒት ታሪክ ለአክስትሽ ልጅ ንገሪልኝ። አሜሪካዊው የመድኃኒት ኩባንያ መርክ መጀመሪያ ያወጣው ለከብትና ለፈረስ ነው፤ ብዙም ሸጦበታል። ለሰው ዓይን እንደሚያድን ሲታወቅ የሚገዛለት ጠፋ፤ በሽተኛው ምንም የሌለው ገበሬ ነዋ። ከፋይ ፈልጎ ሲያጣ እ.ኤ.አ. በ1987 ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሮይ ቫጀሎስ «ለሚያስፈልገው ሁሉ፣ እስከሚያስፈልግበት ጊዜ ድረስ በነፃ» ብለው ቃል ገቡ።

«እስከሚያስፈልግበት ጊዜ ድረስ» የሚለውን ያዙልኝ። መድኃኒቱ የሚገድለው የትሏን ጥቃቅን ልጆች እንጂ እናትየዋን ትል አይደለም። እሷ ሰው ገላ ውስጥ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ትኖራለች። ሦስት ዓመት ሰጥቶ የሚያቆም ለጋሽ ቢሆን ኖሮ በአራተኛው ዓመት ሁሉም ወደነበረበት ይመለስ ነበር። ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶር፣ ሜክሲኮና ጓቲማላ እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ በሽታውን ጨርሰው አስመስክረዋል። በ2025 ደግሞ ኒጀር ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሆናለች። ቃሉ ከተገባ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። አባቴ አሁን ሌሊቱን ይተኛል። እኔ ለዚህ ስጦታ ማስታወቂያ የሚል ስም አልሰጠውም።

ሒሳብ ሹም

ሁለታችሁንም አነበብኳችሁ። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ የድርጅቶችን ግብር መሥራት ነው። ልብ የሚነካ ታሪክ አሳንሼ አላይም፤ ግን ሙሉው ሥዕል ይታይ።

አንደኛ፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ ኩባንያ ያመረተውን ዕቃ ለድሆችና ለታመሙ ሲለግስ ከግብር የሚቀነስለት የማምረቻ ወጪው ብቻ አይደለም። በወጪውና በገበያ ዋጋው መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ይጨመርለታል፤ ድምሩ ግን ከወጪው እጥፍ አይበልጥም። በሕግ የተፈቀደ ነው፣ ነውር የለበትም። ስለዚህ ከስጦታው የተወሰነውን የአሜሪካ ግብር ከፋይ ሸፍኖታል ማለት ነው፤ ምስጋናው ላይ እሱም ይጠራ።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ2001 39 መድኃኒት አምራቾች ደቡብ አፍሪካን ፍርድ ቤት አቁመዋት ነበር፤ ርካሽ መድኃኒት እንዳታስገባ። ዓለም ሲጮህባቸው ሚያዝያ ላይ ክሱን ተዉት። በዚያው ዓመት የሕንዱ ሲፕላ በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ይጠየቅበት የነበረውን የኤድስ መድኃኒት በ350 ዶላር አቀርባለሁ አለ። ሕዝብን ያተረፈው የዋጋው መውረድ ነው። ፋይዘርንም ካነሣን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ናይጄሪያ ካኖ ውስጥ በማጅራት ገትር ወረርሽኝ መካከል በሕፃናት ላይ ስላደረገው የመድኃኒት ሙከራ ተከስሶ በ2009 ከካኖ መንግሥት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል፤ ጥፋቱን ግን አላመነም። አንድ እጅ ሲሰጥ ሌላኛው እጅ ምን እያደረገ እንደሆነ ማየት አለብን እላለሁ።

የኬላዋ

ሒሳብ ሹም፣ አመሰግንሃለሁ፤ የካኖውን አላውቅም ነበር። አንብቤ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሰዉ «ያመክናል» ብሎ ሲፈራ መሃይምነት ነው ብዬ እቆጣ ነበር። ለካ የሚያስፈራ ነገር በሌላ አገር ደርሷል። ያኔ ባውቅ ኖሮ ባልቆጣሁ፤ ቀስ ብዬ አስረዳ ነበር።

ሆኖም ዘንጉ ላይ የቆመው ልጅ መድኃኒቱን ያገኘው በሌላኛው እጅ አይደለም። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ እንችላለን ብዬ አስባለሁ።

ዳሞት

እኔ ከሩቅ አገር ታሪክ አላመጣም። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የእጅ ፓምፕ አለ። አንድ ትልቅ ኩባንያ (ስሙን አልጠራም) አስቆፍሮ ሰጠን። የምርቃቱ ቀን እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ድንኳን ተተከለ፣ ሰንጋ ታረደ፣ እንግዶቹ መጡ። እኛ ተሰልፈን ዘመርን። ውሃው ሲንዶለዶል ዳይሬክተራችን ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አስታውሳለሁ።

ሁለት ዓመት ሠራ። ከዚያ እጀታው ይወርዳል ይወጣል፣ ውሃ የለም። የውሃ ኮሚቴው ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት አመለከተ፤ መለዋወጫ የለም ተባለ። ለኩባንያው ደብዳቤ ተጻፈ፤ «የዘንድሮ ፕሮጀክታችን በሌላ ዞን ነው» የሚል መልስ መጣ። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ሄጄ አየሁት። የእብነ በረዱ ጽሑፍ እስካሁን ይነበባል። ልጆቹ ፓምፑ ላይ የመማሪያ ቦርሳቸውን ይሰቅሉበታል።

የኬላዋ፣ የጠየቅሽው ውሃ ይኼው። ተሰጥቶ ነበር።

ሰኔ 30

ዳሞት፣ ወንድሜ፣ ጽሑፍህን አንብቤ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው የምጽፈው። እኔ እንደዚያ ያለ ደብዳቤ መልሼ አውቃለሁ። አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ውስጥ ማኅበራዊ ኃላፊነት በሚባለው ክፍል አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። የናንተ ይሁን የሌላ አላውቅም፤ ቃሉ ግን የእኔ ቃል ነው።

ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። እስከ መጋቢት ስለ እኛ ክፍል ማንም አያነሣም። ግንቦት ላይ «ቀሪው ብር ይውጣ» ይባላል። በስድስት ሳምንት ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ ነገር ይፈለጋል። ስድስት ሳምንት ውስጥ ምን ያልቃል? ብርድ ልብስ ማከፋፈል፣ ደብተር፣ ግንብ መቀባት፣ ጉድጓድ። ፕሮጀክቶቹን የማወዳድርበት ቅጽ ላይ «የሕዝብ ግንኙነት ፋይዳ» የሚል ነጥብ የሚሰጥበት ሣጥን አለ። «ከሦስት ዓመት በኋላ ማን ይጠግነዋል» የሚል ሣጥን የለም። አንድ ጊዜ ቀድሞ የሰጠናቸውን ስድስት ፓምፖች እንጠግን ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ከአንድ አዲስ ጉድጓድ ባነሰ ዋጋ ስድስቱም ይሠሩ ነበር። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በሐዘን ፊት አዩኝና «ልጄ፣ ጥገና እኮ አይመረቅም» አሉኝ።

የኩባንያ ልገሳ ሁሉ ውሸት ነው የሚለውን አልቀበልም። እዚያ ቤት ከደሞዙ የሚያዋጣ፣ ቅዳሜውን ሰጥቶ መቄዶንያ ሄዶ አረጋውያንን የሚያጥብ ሠራተኛ አይቻለሁ። የተበላሸው የጊዜው አቆጣጠር ነው። ሰው የሚታመመው በበጀት ዓመት አይደለም።

እንዶድ

ማንም ስላላነሣው እኔ ላንሣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን (ከወንዝ ውሃ የሚይዝ የትል በሽታ) የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። ባሕር ማዶ ካለ ኬሚካል ይልቅ ድሃው በጓሮው የሚያበቅለው ተክል በሽታውን ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው። ይህን ለማሳመን ዕድሜያቸውን ፈጁ። ለሥራው በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የሚያመርተው ትልቅ ኩባንያ ግን አልተገኘም። ከጓሮ የሚለቀም ነገር ምን ትርፍ አለው?

ዛሬ ለተማሪዎቻችን የቢልሃርዝያ ክኒን በነፃ የሚመጣው ከጀርመኑ መርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል። (የጎጀብ ልጅ ካነሣው ከአሜሪካው መርክ ጋር ስሙ አንድ ቢሆንም ኩባንያው ሌላ ነው።) ክኒኑን አከብራለሁ፤ የእኔም ታናሽ ወንድም ውጦታል። ልጁ ግን ከሰዓት ወጥቶ እዚያው ወንዝ ይዋኛል፤ ሌላ የሚታጠብበት የለውም። የኬላዋ «ኩባንያ ያለውን ይሰጣል» ያልሽው እውነት ነው። የሚፈለሰፈውም የሚሰጠውም ፋብሪካ ውስጥ ያለ ነገር ሲሆን፣ ከፋብሪካ ውጭ ያለው መፍትሔ ባለቤት ያጣል።

የወረንጦዋ ልጅ

እኔ አስተያየት ሰጥቼ አላውቅም፤ ሳነብ ብቻ ነው የምኖረው። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

እናቴ ከወገቧ ወረንጦ አይለያትም ነበር። በክር አስራ ቀሚሷ ሥር ታንጠለጥለዋለች። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኗን ይወጋታል። በሳምንት ሁለቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ፊት ትቀመጥና «ነይ ንቀይልኝ» ትለኛለች። ሰባት ዓመቴ ነበር። እጄ ሲንቀጠቀጥ ቆዳዋን እይዛታለሁ፤ አትጮህም፣ ጉልበቴን ጭምቅ ታደርገኛለች። ከጭስ ትሸሻለች፣ ስለዚህ ምጣዱን እኔ እጥድ ነበር። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው።

በኋላ ጤና ጣቢያ የሠለጠነች ነርስ ዓይኗን ሠራችላት። ግማሽ ቀን አልፈጀም። ፋሻው ሲነሣ «ብርሃኑ አይወጋም» አለች። ወረንጦውን ግን እስክትሞት ከወገቧ አልፈታችውም።

ስለ ግብርና ስለ ትርፍ የምትሉትን ተረድቼዋለሁ። መድኃኒቱ ልጅ ሆና ደርሷት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር። ማንም ይስጠው፣ ለምንም ይስጠው፣ ብቻ በጊዜው ይድረስ። ይኼን ለማለት ነው።

ሒሳብ ሹም

እህቴ፣ ለእናትሽ ነፍስ ይማር። ያልሽውን በልቤ ይዣለሁ።

«ለምንም ይስጠው» የሚለው ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ለመሟገት አይደለም። አገራችንም ሕጉ አለን። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ድርጅት ለኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም መንግሥት ለአደጋ ጊዜ ለሚያደርገው ጥሪ የሰጠውን፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ እንዲይዝ ፈቅዷል። ይህም ማለት መንግሥት ሊሰበስበው ከሚችለው ግብር ላይ የተወሰነውን ተወው። ያ ገንዘብ የዳሞትን ፓምፕ የሚጠግነው የውሃ ጽሕፈት ቤት በጀት ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ ኩባንያው «የራሴን ነው የሰጠሁት፣ የት እንደምሰጥ አትጠይቁኝ» ማለት የለበትም። ከፊሉ የእኛ ነው፤ የመጠየቅ መብት አለን።

የኬላዋ

ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኩ። የወረንጦዋ ልጅ፣ ለአንቺ የምጽፈው ቃል አጣሁ። ስንት እናት እንደዚያ ሆና አይቻለሁ፤ የልጅቷ እጅ እንደሚንቀጠቀጥ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

አሁን ሐሳቤ ጠርቷል። የሜክቲዛኑም የዚትሮማክሱም ስጦታ የሠራው ሰጪው ከሁሉ የተሻለ ቅን ስለሆነ አይመስለኝም። ሜክቲዛኑ በሽታው እስኪያልቅ እንጂ በጀቱ እስኪያልቅ አላለም፣ ዚትሮማክሱም ቃሉ እየታደሰ ቀጥሏል፤ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ደግሞ በዳሰሳ ጥናትና በእኔ መዝገብ ይቆጠር ነበር። በጦርነቱና በኮሮና ጊዜ እደላው ሲቋረጥ እንኳ ቃሉ አልተነሣም፤ መንገዱ ሲከፈት ካርቶኑ መጣ። የዳሞት ፓምፕ ይኼ ነው የጎደለው። ብረቱም ጉድጓዱም ደህና ነበር። «እስከሚያስፈልግበት ጊዜ ድረስ» ያለው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ የአገራችን ባንክ፣ ቢራ ፋብሪካ፣ ቴሌኮም፣ አስመጪ ሁሉ አዲስ ነገር አይስጠን። ባለፉት ዓመታት የሰጡትን ዝርዝር ያውጡና የትኛው እንደሚሠራ ሄደው ይዩ። አንድ ወረዳ ይዘው አሥር ዓመት ይቆዩበት። ጨርሰው ይውጡ። ትራኮማ ያለበት ወረዳ ስሙ ይታወቃል፤ ጤና ቢሮ ዝርዝሩ አለው። መድኃኒቱ ከባሕር ማዶ እየመጣ ነው፤ እነሱ ሳሙናና ውሃውን ይያዙ። በአንድ ልጅ ዓይን ላይ ሁለቱ ይገናኙ።

ሰኔ 30፣ አንተ እዚያ ቤት አሁንም አለህ?

ሰኔ 30

አለሁ። ክፍሉን ቀይሬያለሁ፣ ሰዎቹን ግን አውቃቸዋለሁ። አሁን በጀት የሚያዘጋጁበት ጊዜ ነው፤ ግንቦት እስኪደርስ ካልተጠበቀ የሚሰማ አለ። ዳሞት፣ ፓምፑ ምን ዓይነት ነው? እጀታው ረጅም ብረት ሆኖ አፍሪዴቭ የሚል ጽሑፍ አለው?

ዳሞት

አዎ፣ አፍሪዴቭ ነው፤ እጀታው ላይ ተጽፏል። የአሁኑን የውሃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ደውዬ ጠየቅኳቸው። ጋሼ «ዘንጎቹ ደህና ናቸው፤ የተበላው ከታች ያለው ጎሚኒና እጀታው የሚዞርበት ቡሽ ነው» አሉኝ። ከጉድጓዱ ውስጥ ውሃው እንዳለ ነው፤ ድንጋይ ጥለው ሰምተዋል።

ሰኔ 30

ጎሚኒና ቡሽ ብቻ ከሆነ የበጀት ኮሚቴ አያስፈልገውም። ዋጋውን ነገ መርካቶ ሄጄ እጠይቃለሁ። የጋሼን ስልክ በግል መልእክት ላክልኝ።

የኬላዋ

እኔ ባሕር ዳር ነኝ። ዕቃው ከተገኘ ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ያለ የማውቀው ቴክኒሻን አለ፤ አብሬው እወርዳለሁ። ከትምህርት ቤቱ ልጆች ስንቱ ትራኮማ እንዳለበትም እግረ መንገዴን አያለሁ።